ወደ ላይ

ሦስት ነው፣ አዎ ሦስት ነው፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ሦስት፣ መዶሻ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚያርፍ መዶሻ፣ ሦስተኛው ምት ደግሞ ከሁለቱ ቀለል ይላል፣ ሚስማሩ ገብቶ ሊያልቅ ሲል እጁን ለቀቅ እንደሚያደርግ ሰው፣ እንዲህ የሚመታ በዚህ ወረዳ አንድ አናጺ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም አባቷ ነው፣ አለ፣ አባዬ አለ፣ ትላለች ጥሩንባ በሆዷ፣ ጀልባው ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች፣ ቡናማው ውሃ ግራና ቀኝ እየተንሿሿ፣ ሦስቱን በጣቷ እንደገና ትቆጥራለች።

ሰማህ? ትለዋለች አሸዋ አውጪውን፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ በረጅም አጣና ጀልባውን ይገፋል፣ ሰማሁ፣ መዶሻ ነው፣ ይላል ዘወር ሳይል፣ መዶሻ ነው አይደል? መዶሻ ነው አልኩሽ እኮ፣ አይዞሽ፣ ይልቅ ውሃውን ጨልፊ፣ ይቺ ጀልባ የአሸዋ ናት፣ እንዳንቺ ያለ የሚጨነቅ ነገር ጭና አታውቅም። ትጨልፋለች፣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ ከጀልባው ወለል ወደ ወንዙ፣ ወንዝ አይደለም፣ ትናንት የቲማቲም ማሳ ነበር፣ ያውና የድጋፍ እንጨቶቹ ጫፍ ጫፋቸው ብቅ ብሏል፣ አንድ የላስቲክ ጫማ፣ ግራው ብቻ፣ ይንሳፈፋል፣ የማን ይሆን፣ የአባዬ አይደለም፣ አባዬ የላስቲክ ጫማ አይወድም፣ ደግሞ ምን አስጨነቀኝ፣ መዶሻው ይሰማል አይደል። ሦስት። ዝም። ሦስት። አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

ጥሩንባ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፣ ስሙን ያወጡላት የታችኛው መንደር ሰዎች ናቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ ማጉያ አንግታ ቤት ለቤት ስትዞር፣ ቦርሳችሁን አዘጋጁ፣ ሰነዳችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ የሦስት ቀን ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ ፊሽካ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፣ ከብቶቹን ፍቱ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ወንዙ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ፣ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ጥሩንባ መጣች ይላል፣ ዛሬስ ምን ልትደግሺልን ነው፣ ጎርፍ ነው ወይስ እሳት፣ እሷም ትስቃለች፣ ምን ታድርግ፣ የወረዳ የአደጋ ዝግጁነት ሠራተኛ ማለት ባልመጣ ነገር ሰው የሚያስቸግር ማለት ነው፣ አባቷ ራሱ፣ የኔ ልጅ መዓት እያወራች ደመወዝ ትበላለች፣ ሲል በጆሮዋ ሰምታዋለች፣ ለጎረቤት፣ በአጥር ላይ፣ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ጎበዝ ናት፣ ያለውንም ሰምታለች። ሁለቱንም አልረሳችም።

ታዲያ መጣ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ሥር ያለው መለኪያ ላይ ውሃው ቀዩን መስመር ዋጠው፣ ኃላፊውን ሳትጠይቅ እየሮጠች ወደ ትምህርት ቤቱ፣ የደወሉን ገመድ ይዛ፣ ክንዷ እስኪዝል፣ በልቧ ግን አይወጡም፣ አይወጡም፣ ይስቁብኛል እንጂ አይወጡም፣ ወጡ። ወጡ እኮ! የአርባ ቤት ሰው፣ ቦርሳውን እያነገተ፣ ሕፃኑን እያዘለ፣ በጎቹን እየነዳ፣ ያ ዛሬስ ምን ልትደግሺልን ነው ባዩ ሰውዬ ሰነዶቹን በሦስት ላስቲክ ጠቅልሎ፣ እሷ አንድ ነበር ያለችው፣ ራሱ ላይ ተሸክሞ እያለከለከ፣ ጥሩንባ ተባረኪ፣ አላት፣ እሷ ዳገቱ ላይ ባለው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ላይ መዝገቧን ይዛ ምልክት ታደርጋለች፣ ቤት ቁጥር አንድ፣ ቤት ቁጥር ዘጠኝ፣ ቤት ቁጥር ሠላሳ ስምንት፣ በደስታ ማልቀስ ነበረባት፣ አላለቀሰችም፣ ምክንያቱም ከአርባ አንዱ ሣጥን አንዱ ባዶ ነው፣ የመጨረሻው፣ የአባቷ፣ ስልኩም ዝግ ነው፣ መቼ ክፍት ሆኖ ያውቃልና፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ለምን እንደሚቆጥብ እግዜር ይወቅ።

እትዬ፣ አባዬን አይተውታል? ልብስ ሰፊዋን ነው የጠየቀችው፣ የአባቷን የቅርብ ጎረቤት፣ መኪናዋን፣ የስፌት መኪናዋን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ የተቀመጠችውን፣ አይቻቸዋለሁ እንጂ፣ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፣ መዶሻ በእጃቸው፣ ቦርሳቸውን አንግተው፣ ጋሼ ቶሎ ይበሉ ስላቸው፣ ካርዱን አንብቤያለሁ አንቺ ሂጂ አሉኝ፣ በሩን ቆለፉ፣ ወጡ። ወዴት ወጡ? ከቤት ነዋ፣ ወዴት ይወጣሉ ደግሞ፣ አንቺ ልጅ ምን ሆነሻል፣ ነይ ተቀመጪ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ።

ከቤት ነዋ። ያኔ ነው የገባት፣ ምክንያቱም አርባው ቤት በሩ ወደ ዳገቱ ነው፣ ሰው ከበሩ ከወጣ ዳገቱን ወጣ ማለት ነው፣ ያው አንድ ነገር ነው፣ የአባቷ ቤት ግን ብቻውን ከመንገዱ በታች ነው፣ በሩ ወደ ቦዩ፣ ራሱ የሠራው ቤት፣ ራሱ የመረጠው በር፣ ቦዩ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞላ እሱ ነው፣ ለአባዬ መውጣት መውረድ ነው፣ ከበሩ ሦስት ደረጃ ወርዶ ውሃው ውስጥ፣ ስለዚህ ነበር እኮ ወደ ላይ ያልኩት፣ ስለዚህ ነበር የጻፍኩት፣ ጽፌ ነበር፣ እግዜር ያውቃል ጽፌ ነበር።

ሁለት ቃል ነው። ካርዱን የጻፈችው እሷ ናት፣ በየበሩ የተለጠፈውን፣ ደወል ሲሰማ ወደ ላይ ውጡ፣ ብላ፣ ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ካርዱ የመዳፍ ያህል ነው፣ ፊደሉ ደግሞ ለሽማግሌ መጉላት አለበት፣ ወደ ላይ የምትለዋን አውጫት፣ ውጡ ይበቃል፣ ወደ ታች የሚወጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? አላት፣ እሷም ሳቀች። ሳቀች! ኃላፊ ሲቀልድ መሳቅ ነውና፣ ደግሞም ቀልዱ ያስቃል፣ ወደ ታች የሚወጣ ሰው፣ አባቴ ነው እሱ ጌታዬ፣ ቤት ቁጥር አርባ አንድ፣ ልትለው ትችል ነበር፣ አላለችም፣ በእርሳስ ሰረዘቻቸው፣ ወደ፣ ላይ፣ ሁለት ትንሽ መስመር፣ ማንም ሰው እንዲህ በቀላሉ አባቱን ሰርዞ አያውቅም።

እሷ ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባት፣ አናጺ ቤት ያደገች ልጅ፣ ልጅ ሳለች ሰው በራቸውን አንኳኩቶ አናጺው አለ ወይ ሲል፣ እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከጓዳ ሆና፣ ወጥቷል፣ ትላለች፣ ሰውየው ወጥቷል ካሉማ ብሎ ይመለሳል፣ አባቷ ለካ ጣራ ላይ ነው፣ ወጥቶ፣ የገዛ ቤቱን ቆርቆሮ ሲመታ፣ ስንት ደንበኛ በዚህ አመለጣቸው፣ አባቷ ከላይ ሆኖ ይጮሃል፣ አንቺ ሴትዮ ጣራ ላይ ነው በይ! እሷም ትመልሳለች፣ ወጥቷል ነው እኮ ያልኩት፣ አልወጣህም እንዴ? ሙሉ ልጅነቷን የሳቁበት ቀልድ ነው፣ ቤታቸው ውስጥ ሰው ሲጠፋ እስከ ዛሬ፣ ከቤት ወጣ ወይስ ቆርቆሮ ወጣ፣ ይባላል፣ እና እሷ፣ የዚያ ቤት ልጅ፣ የዚያች እናት ልጅ፣ ቢሮ ተቀምጣ ሰረዘችው።

ሦስት። ዝም። ሦስት። ይሁን፣ ቆርቆሮ ወጥቷል። ቆርቆሮ ነው የወጣው እማዬ፣ ሰማሽ።

ጨልፊ፣ ይላል አሸዋ አውጪው፣ እየጨለፍኩ ነው፣ ትላለች፣ እያለቀስሽ ነው፣ ይላል፣ ሁለቱንም እያደረግኩ ነው፣ ትላለች፣ እንግዲያው ለቅሶሽን ወደ ውጭ አድርጊው፣ ጀልባዋ ከብዷታል። ትስቃለች፣ ንፍጧን በክንዷ ትጠርጋለች፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ስንት ሰው እንዳመላለሰ፣ ማንም ሳይልከው፣ ማንም ሳይለምነው፣ ሥራው አሸዋ ማውጣት ነው፣ ዛሬ ሰው እያወጣ ነው የዋለው፣ ዕድሜ ልኬን ላመሰግነው ይገባል፣ አሁን ብነግረው ግን ጨልፊ ነው የሚለኝ።

ካርዱን ስትሰጠው አባቷ በሁለት እጁ ነበር የተቀበላት፣ እንደ ሽልማት፣ አራት ሚስማር መታበት፣ የመዳፍ ያህል ለሆነች ካርድ አራት ሚስማር፣ በየማዕዘኗ፣ እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ያስቆመዋል፣ ይቺን ልጄ ናት የጻፈቻት፣ ያነብለታል፣ ጮክ ብሎ፣ አራቱን መስመር፣ እንግዳው ማንበብ የማይችል ይመስል፣ አፈረች፣ አባዬ ተው ይሄ የወረዳው ነው፣ እጅሽ ነው የጻፈው አይደል፣ እጄ ነው፣ በቃ። የአፏን ግን መች ሰማት፣ አባዬ፣ ውሃ ከመጣ በሩን አትክፈት፣ ቆጡ ላይ ውጣ፣ ቆጡ ጠንካራ ነው ራስህ ነህ የሠራኸው፣ ብትለው፣ ቆጥ ላይ? እኔ ዶሮ ነኝ እንዴ? ልስፈርልሽ? ኩኩሉም ልበልልሽ? አለና ሳቀ፣ እሷ ግን በዚያ ቀን ድክም ብሏት ነበር፣ ሃያ ሁለት ቤት ዞራ፣ በሃያ ሁለቱም ተስቆባት፣ እንግዲህ እንደፈለግክ፣ ብላ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች፣ ወጣች፣ ያው፣ ወጣች።

ታዲያ ማንን ይስማ? ተቆጥታ የሄደች ልጁን ወይስ በአራት ሚስማር የቸነከራትን ልጁን፣ ሁለቱም እኔ ነኝ፣ አንዷ ወደ ላይ ትላለች አንዷ ወደ ውጭ፣ የታተመውን ያምናል፣ ድሮም የታተመ ነገር ያከብራል፣ የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ነው። ስለዚህ ደወሉን ሰማ፣ ካርዱን አነበበ፣ ወጣ። በልጁ ትእዛዝ። አዳራሹ በር ላይ ቆማ ይሄ ሲገባት፣ አውጣው አለች፣ ሌላ ቃል አልመጣላትም፣ አምላኬ አውጣው፣ አውጣው፣ አውጣው፣ እያለች ወደ ጀልባው ሮጠች፣ የምትለውንም ሰማችው፣ ያው ቃል ነው፣ አገላብጣ ብታየው ያው ቃል፣ ሰው ከቤት ይወጣል፣ ጣራ ይወጣል፣ ከመከራ ይወጣል፣ ነፍሱም ትወጣለች፣ አይ፣ እሱን ተይው፣ እሱን አታስቢው፣ ማነው ግን እንዲህ ያለ ቃል ያወጣ፣ በስንት ነገር ላይ አንድ ቃል፣ ቃል ጠፍቶ ነው? ወደ ላይ ብትጨምር ምን ይጎድልባት ነበር፣ ሁለት ቃል፣ አራት ፊደል፣ ፊደሉን ጥቂት ማሳነስ።

መዶሻውን ደግሞ እሷ ከቦርሳው አውጥታው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፣ ቦርሳውን ልታይ መጣች፣ ዝግጁነት ማጣራት ይባላል በቢሮ ቋንቋ፣ አነሳችው፣ ይከብዳል፣ ብስኩቱ የለም፣ በልቶታል፣ ለአደጋ እኮ ነው አባዬ፣ ርሃብም አደጋ ነው፣ ባትሪውን አውጥቶ ሬዲዮው ውስጥ ከቶታል፣ በብስኩቱ ቦታ መዶሻ፣ ያ እጀታው በላብ የጠቆረ፣ ዕድሜው ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ መዶሻ፣ ይሄ ለምንድነው? ታዲያ ያለ መዶሻ የት ልሂድ፣ ፊሽካውስ? ፊሽካውን እንኳ ተይው። ፊሽካውን ነፋላት፣ ፊው እንኳ አላለም፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም፣ ትንፋሹ በጎን በጎን ያመልጣል፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዐይኑን አፍጥጦ፣ ፍፍፍፍ፣ ሁለቱም በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ለጥርስ አልባ ፊሽካ የሚያድል ዝግጁ መንግሥት፣ አለ ዕንባውን እየጠረገ፣ እሷም ቆይ ሌላ ነገር እፈልግልሃለሁ አለች፣ አልፈለገችም፣ ረሳችው፣ መዶሻውንም አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ይከብድሃል ብላ፣ ስትወጣ መልሶ ከቶታል ማለት ነው። ደረቅ። ችክ ያለ ሽማግሌ። ስለ ድርቅናህ እግዜር ይስጥልኝ። ፊሽካውን ሦስት ሦስት ጊዜ ይንፉ ይላል ካርዱ፣ ፊሽካ የለም፣ ሦስቱን ግን አልረሳም፣ በመዶሻ እየነፋው ነው።

ሦስት።

ዝም።

ዝም።

ቆይ።

አሸዋ አውጪው አጣናውን በአየር ላይ ይይዛል፣ ጀልባው ራሱን ችሎ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከውሃው ሥር አንድ ነገር ይንኳኳል፣ እንጨት ነው፣ በር ይሆናል፣ አሁን ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ ደክሞት ነው፣ ሰባ አራት ዓመቱ ነው ይደክመዋል፣ እጅ ሊቀይር ነው፣ ቀኝ ትከሻው ያመዋል፣ ግራ እጁን ሊያመጣ ነው፣ ቆርቆሮው እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል፣ አያንሸራትተውም፣ ሃምሳ ዓመት በቆርቆሮ ላይ ሄዷል፣ ደረቅ ቆርቆሮ ላይ፣ አባዬ ምታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስቱን ተው፣ አንድ ብቻ ምታ፣ ዶሮ ነህ አልልህም፣ ምንም አልልህም፣ ቦርሳውን እንደፈለግክ አድርገው፣ ሬዲዮህን ስማ፣ ብስኩቱን ብላ። አይዞሽ፣ ይላል አሸዋ አውጪው፣ በዚህኛው አይዞሽ ውስጥ ግን ጨልፊ የለበትም፣ እሱ ነው ያስፈራት። ልቧ በአፏ ልትወጣ ትደርሳለች፣ ይሄም ወጣ ነው።

አንተ! የማነህ አንተ!

ከትልቁ ዛፍ ወዲያ ነው፣ ድምፅ ነው፣ ሰው ነው።

ጀልባህ አዘንብሏል! ልጅቷን ወደ መሃል አስቀምጣት! እንዲህ ነው ጭነት የሚጫነው? ማነው ያስተማረህ?

አሸዋ አውጪው ዘወር ብሎ ያያታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየችው፣ አባትሽ ነው? አባቴ ነው። ገና ሳያገኘኝ ሰደበኝ እኮ። አዎ፣ ደህና ነው ማለት ነው፣ ትላለች፣ ሳቅም ለቅሶም ባልሆነ ድምፅ፣ ወደ መሃል ፈቀቅ ትላለች፣ እሱ እንዳዘዘው፣ ጀልባው ይቃናል፣ ደግሞ እውነቱን ነው።

ዛፉን ሲያልፉ ጣራው ይታያል፣ ጣራው ብቻ፣ ቤቱ እስከ መስኮቱ አናት ውሃ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮው፣ ቆርቆሮው ላይ አባቷ፣ ሁለት እግሩን ዘርግቶ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ዝናቡ ካባራ ሁለት ሰዓት ሆኖታል እሱ ጃንጥላ ይዟል፣ ቦርሳው ጎኑ፣ መሰላሉ ደግሞ አጠገቡ በርዝመቱ ተጋድሟል፣ ያ መሰላል፣ አሸንዳውን ሊጠግን ውጭ ያቆመው፣ አስገባው ሌባ ይወጣበታል ስትለው ነገ ነገ ሲል ወር ያሳለፈበት፣ ወደ ላይ ስቦታል፣ ውሃው እንዳይወስድበት፣ ዕቃውን ጥሎ የማይሄድ ሰው። ትልቅ ሰው፣ ደረቅ፣ ሕያው። ፀሐይዋም ወጥታለች። በስንት ነገር ላይ አንድ ቃል ብላ ነበር፣ ይሁን፣ ይቺኛዋ ትውጣ።

ለምን መምታት አቆምክ? ብላ ትጮሃለች፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት፣ ሰላም ነህ ወይ እንኳ ሳትል፣ ጀልባ ሳይ አቆምኩ ነዋ፣ ከታየሁ በኋላ ምን ያስጮኸኛል፣ ይላል፣ አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው ዐይንሽ እንዲህ ያበጠው? ማን ሞተ? ማንም አልሞተም፣ አባዬ፣ ማንም አልሞተም፣ አርባ አንድ ቤት፣ አንድ ሰው አልጎደለም፣ አርባ አንደኛው አንተ ነህ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎበዝ፣ ይላል፣ በአጥር ላይ አይደለም፣ ለጎረቤት አይደለም፣ ለእሷ።

አባዬ፣ ካርዱ፣ ትላለች፣ ካርዱ ተሳስቷል፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ወደ ላይ የሚል ነበረበት፣ ቦታ የለም ተብሎ ተቆረጠ፣ ኃላፊው ቆረጠው፣ አይ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ ቀለደ፣ ሳቅኩ፣ ሰረዝኩት። አባቷ ከደረቱ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ያወጣል፣ ካርዷ ናት፣ አራት ማዕዘኗ ላይ አራት ቀዳዳ፣ አልረጠበችም፣ እያት፣ ይላል፣ ሚስማሩን ነቅዬ ነው፣ ሁለቱ እንቢ ብለው ነው የዘገየሁት። ስለዚህ ነው ልብስ ሰፊዋ እትዬ መዶሻ በእጃቸው ያለችው፣ ካርድ ሲነቅል፣ ጎርፍ እየመጣ የልጁን ጽሑፍ ከበር ላይ ሲነቅል።

ምን መሰለሽ፣ ይላል፣ ጃንጥላውን እያጠፈ፣ እንደ ተረት ሊነግራት፣ ውሃው መሃል፣ ደወሉ ሲደወል ውጡ ይላል፣ ወጣሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ሦስቱን ደረጃ ወረድኩ፣ ውሃው ጉልበቴን ያዘኝ። ቆምኩ። አሰብኩ። ልጄ ውጡ ብላለች፣ እኔም ወጥቻለሁ፣ ግን ልጄ ውሃ ውስጥ ቁም አትለኝም፣ የምጠላት ልጅ የለችኝም የምትጠላኝም የለችኝም፣ ስለዚህ ገና አልወጣሁም ማለት ነው፣ መውጣቱ አላለቀም ማለት ነው፣ አልኩ። ዘወር ብል መሰላሉ እዚያ ቆሟል። እናትሽ ትዝ አለችኝ። ወጣሁ። ሁለቴ ወጣሁልሽ እንግዲህ፣ አንዱ ካልሆነ አንዱ ይሆናል ብዬ። ካርድሽ ምንም አልሆነም፣ ትንሽ አጥሮ ነበር፣ ቀጠልኩት፣ ሥራዬ አይደል።

አሸዋ አውጪው ፊቱን ወደ ማሳው ያዞራል፣ የሚያየው ነገር ኖሮ አይደለም። እሷ ትጨልፋለች፣ ጀልባው ውስጥ የሚጨለፍ ውሃ የለም፣ ጀሪካኑ ወለሉን ይፍቃል፣ ነገ ትላለች በሆዷ፣ ነገ አርባ አንድ በር፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣ ኃላፊውም ይስማ፣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፣ ወደ ታች የሚወጣ ሰው አለ ብዬ፣ ያደግኩበት ቤት ነው የሚኖረው፣ ወደ ላይ፣ በእጄ፣ በየካርዱ ጠርዝ፣ ፊደሉ ቢያንስም ይነስ፣ ልጅ ያንብብላቸው፣ እነሱም ይስቁ፣ ጥሩንባ ቃል ረስታ ተመልሳ መጣች ይበሉ፣ ስለ መሳቃቸው ምስጋና ይግባው፣ የሚስቅ ሰው አለ ማለት ነው። ደክሟታል። መዳፏ ከገመዱ ተልጧል፣ አሁን ነው የሚያቃጥላት፣ ደስ የሚል ማቃጠል ነው፣ እፎይ የሚባል ነገር እንዲህ ይሆናል ለካ፣ በመጀመሪያ የሚሰማው ቁስሉ ነው።

ጀልባው የቆርቆሮውን ጠርዝ ይነካል፣ አሸዋ አውጪው አጣናውን ወደ ታች ሰክቶ ያቆማታል፣ አባቷ ቦርሳውን ያቀብላታል፣ ይከብዳል፣ መዶሻው አለበት፣ ካርዷን መልሶ ደረቱ ኪስ ይከታል፣ ተንፏቆ ወደ ጠርዙ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ቁልቁል ያያታል፣ ዐይኑ ውስጥ ያ የድሮ ተንኮል፣ አሁንስ፣ ይላል፣ አሁንስ ምን ይላል መንግሥትሽ፣ ልውረድ ወይስ ልግባ?

አፏን ትከፍታለች። ውረድ ልትል፣ ወርዶ ወዴት፣ ታች ያለው ውሃ ነው፣ ግባ ልትል፣ ቤቱን ቢመስለውስ፣ ሁለቱንም ታስባቸዋለች፣ ሁለቱንም ታገላብጣቸዋለች፣ ሁለቱንም ትተዋቸዋለች፣ የተላጠውን መዳፏን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ ና፣ ትለዋለች፣ ና አባዬ፣ ና።